አባት ሲዘምት ልጁን ማን ያስተምራል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር፤ ቢታ ገነት



የትምህርት ኮሚቴው ዛሬ እንዲናገር የተጠየቀው ባለፈው ስብሰባ በተነሣው ክርክር ምክንያት ነው። ለልጆች ትምህርት ከምናዋጣው ገንዘብ የወታደር ልጆችም ይረዱ ወይስ አይረዱ የሚል ክርክር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከመካከላችን «ወታደር ደመወዝተኛ ነው፤ ለቤቱ ተቆራጭ ይልካል፤ እኛ ቡናና ኮረሪማ ሸጠን የምናዋጣውን ለምን እሱ ይወስዳል?» ያሉ ነበሩ። «ተቆራጩ ቀርቶ ድምፁን ከሰማን ስንት ጊዜያችን ነው» ብለው ያለቀሱም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ነው የተናገሩት። ውሳኔው ዛሬ ከሰዓት በኋላ በድምፅ ስለሚሰጥ፣ እኛ ደግሞ ከዚያ በፊት ይህ ነገር በአገራችን ከጥንት እንዴት ሲያዝ እንደኖረ እናጫውታችሁ ብለን ተዘጋጅተናል። ታሪኩን ለማሳመር ብለን አይደለም። ደንባችን ላይ ያለችው አንዲት ዐረፍተ ነገር መለወጥ አለባት ብለን ስለምናምን ነው፤ ወደ እሷ በኋላ እንመለሳለን።

ከራሳችን አገር እንጀምር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ወግቶ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ፣ ወታደሩ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደመጣበት አልተመለሰም። ሚስቱንና ልጆቹን አምጥቶ፣ ያላገባውም እዚሁ አግብቶ ሰፈረ። ደመወዙ ብር አልነበረም። ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህሉን፣ ማሩን፣ ማገዶውን ያቀርባል፤ ቤቱን ይሠራል፤ የገባሩ ሚስት ትፈጫለች። የወታደሩ ልጅ ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። ከፊደል ይነሣል፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንሱን ያልፋል፣ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግሳል። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ የኔታ ፊት ተቀምጦ መዋል የቻለው ግን እንጨቱን የሚሸከም፣ ውሃውን የሚቀዳ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። የገባሩ ልጅ ለፊደል ጊዜ አልነበረውም።

ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሁለቱም የልጅ ልጆች ተቀምጠናል፤ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። ይህን ያነሣነው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የወታደር ልጅ ትምህርት መቼም ቢሆን ከፋይ እንዳለው፣ ከፋዩም ብዙውን ጊዜ ስሙ የማይነሣ ሰው እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ሴቶቹስ የት ነበሩ ብትሉ፣ የወታደሩም ሴት ልጅ የገባሩም ሴት ልጅ የኔታ ዘንድ እምብዛም አልደረሱም። ለሴቶች ብቻ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንኳ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከቢታ በበቅሎ የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ አስቡት።

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው ከጦርነት በኋላ ነው። እንግሊዞች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1803 ለንደን ውስጥ፣ ቼልሲ በሚባል ሰፈር፣ ለወታደር ልጆች የሚሆን ማሳደጊያና ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ መጀመሪያ ላይ ወንዶችንም ሴቶችንም ይቀበል ነበር። ናፖሊዮን ደግሞ በ1805 የአውስተርሊትዝን ጦርነት ካሸነፈ በኋላ በዚያ ውጊያ የሞቱትን ወታደሮች ልጆች መንግሥት እንደ ልጆቹ እንዲያሳድግ አዘዘ። በዚያው ወር የክብር ሌጌዎን ኒሻን ለተሸለሙ ሰዎች ሴት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ወሰነ። ከዚያ ውሳኔ የተወለዱ ሁለት የሴቶች ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይ ውስጥ ዛሬም ይሠራሉ። ልብ በሉ፤ ከተሸላሚው ሴት ልጅ በፊት የታዘዘው ለሟቹ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ የዘለቀው ግን የተሸላሚው ትምህርት ቤት ሆነ።

ወደ እኛው እንመለስ። ደመወዝ የሚከፈለው፣ በጦር ሰፈር የሚኖረው ዘመናዊ ሠራዊት ከጠላት ወረራ በኋላ እየተስፋፋ ሲመጣ የወታደር ቤተሰብ ኑሮም ተለወጠ። ከዚህ ዘመን የሚነሣው ትልቁ ታሪክ የቃኘው ሻለቃ ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ተንቀሳቀሰ፤ እየተተካኩ የዘመቱት ከ6,000 በላይ ሲሆኑ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። እነዚህ ወታደሮች እዚያ ሳሉ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን የኮሪያ ሕፃናት ሰብስበው የሚያሳድጉበት ቤት ከፍተው ነበር። የራሱን ልጅ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ትቶ የሄደ ሰው የሌላውን ልጅ ሲያበላ ማለት ነው። ኮሪያውያንም ውለታውን አልረሱም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አገራቸው ስትበለጽግ፣ ለዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል መስጠት ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም ይሰጣሉ። ዕድሉን ለማግኘት ግን የአያት ስም በመዝገብ መገኘት አለበት።

ከዚሁ ጋር የምትነሣ ሌላ ነገር አለች። አሜሪካኖች አሥመራ ላይ የነበራቸውን የመገናኛ ጣቢያ በዚያው ሻለቃ ስም «ቃኘው» ብለው ጠሩት። በጣቢያው ለሚኖሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ልጆችም ትምህርት ቤት ነበረ፤ የአባት መዛወር የልጁን ትምህርት እንዳያቋርጥ ታስቦ የተደራጀ። በእኛ ሠራዊት በኩል ግን ነገሌ ቦረና ያለው የ4ኛ ክፍለ ጦር ወታደር በጥር 1966 ዓ.ም. ያመፀው ስለ ምግብና ስለ ውሃ ነበር። የሚጠጣ ውሃ የቸገረው ሰው ስለ ልጁ ደብተር ለመጠየቅ ተራው አልደረሰውም።

በዚያን ዘመን ለወታደር ሚስት ትልቁ ፈተና ዝውውር ነበር። ባል ከሐረር ወደ አሥመራ፣ ከአሥመራ ወደ ነገሌ ይዛወራል፤ እሷም ዕቃዋን አሥራ፣ ልጆቿን ይዛ፣ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ለማስጻፍ ትለፋለች። መልቀቂያው ካልደረሰ ልጁ ዓመቱን ይደግማል፤ ወይም ባልየው ብቻውን ሄዶ እሷና ልጆቹ ይቀራሉ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ተጨመረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ያደረገ መልካም ነገር ነው፤ የእኛም ልጆች በካፊኖኖ መማራቸው ያኮራናል። ሆኖም አንደኛ ክፍልን በካፊኖኖ የጀመረ የወታደር ልጅ አባቱን ተከትሎ ወደ ሌላ ክልል ሲሄድ እንደ አዲስ ፊደል ይቆጥራል። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እዚሁ መቅረትን መርጠዋል። ቢታ ገነት ጦር ሰፈር የላትም፤ የወታደር ቤተሰብ ግን አላት።

አሁን ስለ ኦጋዴን ጦርነት እንናገር፤ መንግሥት በአገራችን የወታደርን ልጅ በገሃድ «ይህ የእኔ ልጅ ነው» ያለው ያኔ ነውና። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ ከየክፍለ ሀገሩ ሚሊሻ ተጠራ፤ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ። እነዚህ ትናንት ሞፈር የያዙ ገበሬዎች ናቸው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ፤ ከድሉ በኋላ ግን አባት የሌላቸው ልጆች በየቤቱ ነበሩ።

መንግሥት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛው የሕፃናት አምባ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ከቡልቡላ ከተማ በስተምዕራብ፣ አላጌ በሚባለው ሰፊ ቦታ ላይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተ የልጆች መንደር ነበር። በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ከየአገሩ ተሰብስበው እዚያ አደጉ፤ መኝታው፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ትምህርቱ በመንግሥት ነበር። በዚያ ያደጉ ሰዎች ዛሬም እርስ በርሳቸው ወንድምና እህት ይባባላሉ፤ ይህ በደም የማይገኝ ዝምድና ነው። ሁለተኛው ከዚያም የራቀ ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ታዳጊዎች፣ አብዛኞቹ አባቶቻቸውን በዚያ ጦርነት ያጡ፣ ወደ ኩባ ተላኩ። የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ላይ ለኢትዮጵያውያን በተሰጡ ትምህርት ቤቶች ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን በፍራፍሬ እርሻ ይሠራሉ። ስፓኒሽ ተምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ሐኪም፣ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ የሆኑ ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ያለፋችሁ የትግላችንን ሐውልት አይታችኋል፤ በዚያ ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ነው የቆመው። እኛን ቢጠይቁን ግን ከሐውልቱ ይልቅ እነዚያ ልጆች ይበልጣሉ እንላለን።

ይህን ሥራ እናደንቃለን። ግን እንደ ሴቶች ማኅበር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። የሕፃናት አምባ በር የሚከፈተው ልጁ ከቤቱ ሲወጣ ነው። ወደ ኩባም የሚኬደው እንዲሁ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ይዛ እንሰቷን እየፋቀች የቀረችው ሴት ልጆቿን እዚያው አጠገቧ እንድታስተምር የታሰበላት ነገር ትንሽ ነበር። እሷ ራሷም ከተማረች የተማረችው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ካፋ ሞቻ አንዱ ነበር። ከእናቶቻችን መካከል በዚያ ማታ ማታ ተምረው፣ ባላቸው ከግንባር የላከውን ደብዳቤ ለማስነበብ ጎረቤት ቤት መሄድ የተዉ አሉ። ደብዳቤ ሌላ ሰው ሲያነብልሽና ራስሽ ስታነቢው አንድ አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ አላቆመም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ወጣቱ በግዴታ መዝመት ጀመረ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበተነ። ቤተሰቡ ከጦር ሰፈር ወጣ። ትናንት የጀግና ልጅ የተባለው ልጅ በማግስቱ የደርግ ወታደር ልጅ ተባለ፤ ልጁ ግን ያው ነው፤ የሚማረውም ያው አራተኛ ክፍል። የሕፃናት አምባም ተዘግቶ አላጌ ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው። ከዚያ የ1990ው የኤርትራ ጦርነት መጣ፤ ከዚያም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየው የሰሜኑ ጦርነት። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። የለቅሶውን ድንኳን በየተራ የተከልነው እኛው ነን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ኮሚቴያችን ያየው ነገር አለ። እርዳታ የነበረው ሁልጊዜ ለተመዘገበ ሰው ነው። የናፖሊዮን ኒሻን፣ የኮሪያ ዘማች መዝገብ፣ የሕፃናት አምባ ስም ዝርዝር፤ ሁሉም አባትን በወረቀት ይፈልጋል። ወረቀት የሌላት እናት ልጅዋን በራሷ ጉልበት ታስተምራለች፤ ካልቻለችም ልጁ ያቋርጣል። እኛ ደግሞ ሳናስበው ያንኑ ጽፈናል። የመተዳደሪያ ደንባችን የትምህርት እርዳታ የሚሰጠው «አባቱ ስለመሞቱ ማስረጃ ለሚያቀርብ ልጅ» ነው ይላል። መርዶ ያልመጣላትስ? አንዲት አባላችን ባሏ ከዘመተ ወሬው ጠፍቷል። ሞተ አልተባለም፣ አለም አልተባለም፤ ተቆራጩ ቆሟል። ማስረጃ ለማግኘት አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ሦስቴም «ቆይተሽ ነይ» ተብላለች። በደንባችን መሠረት የእሷ ልጅ የወታደር ልጅም የሙት ልጅም አይደለም።

ሕጉን ማወቅ ስለሚጠቅም ሁለት ነገር እንንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ፣ ሚስቱም ሆነች ሌላ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋቱን ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ትችላለች ይላል። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም። የምታውቀውም ብትሆን «እንዲህ ብዬ ካመለከትኩ እንደገደልኩት ይቆጠርብኛል» ብላ ትፈራለች። እኛ እንዲህ እንላለን፤ ማመልከቻው ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ሰውየው ቢመለስ ሕጉ መመለሱን ያውቃል፤ ልጁ ግን መስከረም ላይ መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው የጡረታው ነገር ነው። ወታደሩ መሞቱ ተረጋግጦ አበል ከተወሰነ ሚስት የአበሉን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። ጥሩ ነው። የልጁ አበል ግን 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ከተማ ያለ ልጅ በ18 ዓመቱ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። የእኛ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ዘግይቶ ይጀምራል፤ በቡና ለቀማ ወቅት እየቀረ አንድ ሁለት ዓመት ይደግማል፤ 18 ሲሞላው ገና ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ላይ ነው። ወጪው የሚበዛው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቢታ ገነት ላይ ክፍል ተከራይቶ፣ ቆጮና ጥራጥሬ ስንቅ ይዞ፣ በየሳምንቱ ጭቃውን እየረገጠ የሚመላለሰው እሱ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ብቻዋን ክፍል መከራየቷ ራሱ ሌላ ሥጋት ነው፤ ከአንዲት አባላችን ቤት ብትጠጋ ግን ሥጋቱም ኪራዩም ይቀንሳል።

«ወታደር ደመወዝተኛ ነው» ላላችሁት እህቶቻችን መልሳችን ይህ ነው። ትክክል ናችሁ፤ ተቆራጩ በየወሩ የሚደርሳት ሴት ከዚህ ገንዘብ አትውሰድ። ኮሚቴው እሷን ከዝርዝሩ ለማውጣት አያመነታም፤ እሷም ቅር አይላትም ብለን እናምናለን። እኛ የምንለው ተቆራጩ ስለቆመባት፣ መርዶም ስላልመጣላት፣ አበሉም በ18 ዓመት ስለተቋረጠባት ሴት ነው። የማን ወታደር ነበር፣ በየትኛው መንግሥት ዘመተ፣ በየትኛው ወገን ነበር ተብሎም እንዳይጠየቅ እንፈልጋለን። በዚህ ነጥብ ላይ ኮሚቴው ራሱ ሁለት ማታ ተከራክሯል፤ ሁላችንም በአንድ ልብ አልጀመርንም። በመጨረሻ የተስማማነው ከልጁ የምንጠይቀው የክፍል ውጤቱን ብቻ እንዲሆን ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በደንቡ ውስጥ «ማስረጃ» የሚለው ቃል ይቅርና በምትኩ ከዕድሯ ወይም ከጎረቤቶቿ ሦስት ሰዎች ቀርበው የሚሰጡት ቃል ይበቃ። ለፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚያስፈልገውን የጽሕፈትና የመጓጓዣ ወጪ ማኅበሩ በብድር መልክ ያለ ወለድ ይስጥ፤ ብድሩም አበሉ ሲወሰን ይመለስ። ዕድሜያቸው 18 አልፎ ገና በሁለተኛ ደረጃ ላሉ ልጆች ደብተር፣ የደንብ ልብስና የክፍል ኪራይ እስከ 12ኛ ክፍል ይቀጥል። ቢታ ገነት ቤት ያላችሁ አባላት ደግሞ ከገጠር ለምትመጣ አንዲት ልጅ መኝታ መስጠት የምትችሉ ከሆነ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ፤ እስካሁን አራት እናቶች ተመዝግበዋል።

በውጭ ላላችሁ ወዳጆቻችን አንድ ጥያቄ አለን። አንዳንዶቻችሁ ለአንድ ልጅ ብቻ ለመርዳት ስሙንና ፎቶግራፉን እንድንልክላችሁ ጠይቃችኋል። ፍላጎታችሁ ከፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አባቱ የት እንዳለ ያልታወቀ ልጅ ፎቶግራፍ ከአገር አገር እንዲዞር አንፈልግም። ገንዘቡን ለጋራ ሣጥኑ ላኩልን፤ በየመንፈቁ ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ እንዳቋረጠ ያቋረጠበትን ምክንያት ጨምረን እንጽፍላችኋለን።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሒሳብ ሹማችን የሣጥኑን ሒሳብ ታነባለች። ከቡና ሽያጩ የገባው፣ ለብድር የወጣውና ለመስከረም ምዝገባ የቀረው ለየብቻው ተጽፏል፤ ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ላይ አንሡ። የምሳው ዕረፍት ከንባቡ በኋላ ነው።